«ነርሲንግ ሆም እንዳታስገቡኝ» ላለች እናት ምን ይመለሳል?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በውጭ አገር ካደጋችሁት መካከል ይህችን አንድ ንግግር ሳይሰማ የቀረ ያለ አይመስለኝም። እናት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ ወይም ስለ አንድ የታመመ ዘመድ እየተወራ ሳለ ድንገት ጣል ታደርጋለች፦ «ሳረጅ ነርሲንግ ሆም እንዳታስገቡኝ።» አንዳንዷ እየሳቀች ነው የምትለው፤ አንዳንዷ ታስምላለች። ልጅም «ኧረ አዑዙ ቢላህ፣ በፍጹም!» ይልና ወሬው እዚያው ይዘጋል።

ይህ ንግግር በእኛ ቤት ከሌላው ቤት ይልቅ ይከብዳል። ብዙዎቹ እናቶቻችን ቦታውን የሚያውቁት በወሬ ሳይሆን በሥራ ነውና። በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትልም ሆነ በስቶክሆልም፣ የሐበሻ እህቶች በብዛት ከተሰማሩባቸው ሥራዎች አንዱ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። በናይት ሺፍት የሰው እናት አገላብጠው፣ ዳይፐር ቀይረው፣ አጉርሰው፣ ጧት ቤታቸው ገብተው ፈጅርን ሰግደው የሚተኙ ሴቶች ናቸው ያሳደጉን። አንድ ሠራተኛ በአንድ ሌሊት ስንት ሰው እንደሚደርሳት ያውቃሉ። ደወል ተጭኖ የሚጠራ ሰው ምን ያህል እንደሚጠብቅ ያውቃሉ። እሑድ እሑድ የሚጠየቀውንና ዓመት ሙሉ ማንም የማይጎበኘውንም ለይተው ያውቃሉ። ስለዚህ «እንዳታስገቡኝ» ሲሉ የሚፈሩት በዓይናቸው ያዩትን ነገር ነው።

ታዲያ ምን እንመልስላቸው?

ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው «ወላጅን እዚያ ማስገባት ሐራም ነው፣ አለቀ» የሚለው ነው። ይህን በድምቀት የሚናገሩ ሰዎችን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አብዛኞቹ የአረጋዊ ገላ አጥበው የሚያውቁ አይመስሉም። ሁለተኛው «ዘመኑ ነው፣ ባልም ሚስትም ሥራ ላይ ነው፣ ምን ይደረግ?» የሚለው ነው። ሁለቱም ጥያቄውን ሳይነኩት ይዘጉታል። እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ለየቤቱ ሁኔታ የሚሆነውን ከዓሊም መጠየቅ የእያንዳንዱ ፈንታ ነው። እዚህ ማንሳት የምፈልገው ከፈትዋው በፊት ያለውን ጥያቄ ነው። ለወላጅ ከሚገባው ሐቅ ውስጥ በገንዘብ ለሌላ ሰው ሊሰጥ የሚችለው የቱ ነው? ፈጽሞ የማይሰጠውስ የቱ ነው?

መጀመሪያ ነገሩ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ እንይ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሱዳን በኩል በስደት የመጡት፣ ከዚያም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዲቪ የመጡት ወላጆች ዛሬ ስድሳውን እያጋመሱ ወይም ሰባን እያለፉ ናቸው። ይህ የሆነው ደግሞ አገሩ ራሱ በሚያረጅበት ጊዜ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1946 እስከ 1964 የተወለደው ትልቁ ትውልድ በ2030 ሙሉ በሙሉ ከ65 ዓመት በላይ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚያው በ2030 ከዓለም ሕዝብ ከስድስት ሰው አንዱ 60 ዓመት የሞላው ነው። የተንከባካቢ እጥረት ያለው ደግሞ ከወዲሁ ነው። እስከ ዛሬ ሌላውን ሲንከባከቡ የኖሩት እናቶቻችን ራሳቸው ተንከባካቢ ወደሚፈልጉበት ዕድሜ እየገቡ ነው።

«እንክብካቤ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነም በግልጽ እንነጋገር። በ1963 ሲድኒ ካትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ አንድ አረጋዊ ራሱን መቻል አለመቻሉን የሚለኩበት ዝርዝር አሳተሙ። መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዘዋወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። ስድስት ነገር ብቻ ነው። ዛሬም ብዙ መሥሪያ ቤትና ኢንሹራንስ አንድ ሰው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ይገባዋል ወይ የሚለውን የሚወስነው በዚህ ወይም ይህን በሚመስል ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ለሶላት የሚያስፈልገው ነገር ከሞላ ጎደል እዚያ ውስጥ አለ። መታጠብ ካቃተ ውዱእም ያቅታል፤ መልበስ ካቃተ ዐውራን መሸፈን የሰው እጅ ይጠብቃል፤ ሽንትን መቆጣጠር ካቃተ ጠሀራ በየሰዓቱ ጥያቄ ይሆናል። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሶላቱን ያላቋረጠ አባት በመጀመሪያ የሚጨንቀው ምሳው አይደለም። «ንጹሕ ነኝ ወይ?» የሚለው ነው። ሸሪዓው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ብዙ ማግራሪያ አለው፤ ተየሙም አለ፣ ተቀምጦና ተኝቶ መስገድ አለ፣ ከአቅም በላይ የሆነው ግዴታ ይነሳል። ይህን ግን አረጋጋ አድርጎ የሚነግረውና ውሃውን የሚያቀርብለት ሰው ይፈልጋል። ጥሩ ሠልጣኝ ነርስ ግፊቱን ትለካለታለች፤ ይህ ጭንቀት ግን በሠንጠረዧ ላይ የለም።

ሁላችንም ልጅ ሆነን የተማርነው የሱረቱል ኢስራእ 23ኛውና 24ኛው አንቀጽ ስለዚህ ዕድሜ በቀጥታ ይናገራል። አላህ (ሱ.ወ) እርሱን ብቻ መገዛትን ካዘዘ በኋላ ወዲያው ለወላጆች በጎ መዋልን ያስከትላል፤ ከዚያም ወላጅ አንተ ዘንድ እርጅና ላይ ቢደርስ ብሎ ጉዳዩን ወደ ቤት ውስጥ ያስገባዋል። የተከለከለው የመጀመሪያው ነገር ድብደባ አይደለም፣ ማስራብም አይደለም። «ኡፍ» ማለት ነው። አንዲት የምሬት ትንፋሽ።

ይህን አንቀጽ ብዙ ጊዜ ልጆችን ለመቆጣት ስለምንጠቀምበት አንድ ነገር ያመልጠናል ብዬ አስባለሁ። «ኡፍ» የሚለው ማን ነው? በወር አንዴ 500 ዶላር የሚልክ ልጅ «ኡፍ» አይልም፤ ምን አስመርሮት? በዒድ ቀን ኬክ ይዞ የሚመጣውም አይልም። «ኡፍ» የሚለው ሌሊት ለአራተኛ ጊዜ የተጠራው፣ አንሶላውን አሁን ቀይሮ እንደገና የሚቀይረው ነው። አንቀጹ የሚያነጋግረው እዚያው ክፍል ውስጥ ያለውን ሰው ነው። ድካሙን ያውቃል፤ ምሬቱ ሊመጣ እንደሚችል ያውቃል፤ ባያውቅ ኖሮ ባልከለከለ። ስለዚህ መንከባከብ ያደከማት እህት «ኢማኔ ደካማ ሆኖ ነው» ብላ ራሷን አትክሰስ። የደከማት ቦታው ላይ ስላለች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «እንግዲያው ዋናው አነጋገር ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ሆኖ ከሚነጫነጭ ልጅ ይልቅ ነርሲንግ ሆም እየሄደ በፈገግታ የሚጠይቅ ልጅ አይሻልም?» ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ በከፊልም ትክክል ነው። ጓዳ ውስጥ ተዘግተው፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ተከፍቶላቸው፣ ማታ ልጅ ደክሞት ሲገባ በቁጣ የሚበሉ አረጋውያን አሉ። በስም ግን «ቤታቸው» ናቸው። ሰው «እገሌ እናቱን ቤቱ ነው የያዛት፣ ማሻአላህ» ይላል። ያ አድራሻ ነው እንጂ በጎነት አይደለም።

ቢሆንም ክርክሩ እስከ መጨረሻው አይወስደኝም። በአንቀጹ ውስጥ «ዒንደከ» የሚል ቃል አለ፤ አንተ ዘንድ፣ አንተ ጋ ማለት ነው። ተፍሲር የጻፉ ዑለማዎች ወላጅ በልጁ ቤትና በልጁ ጥበቃ ሥር መሆኑን ከዚህ ቃል ተረድተዋል። ቃሉ የሕንፃ ዓይነት አይደነግግም ብዬ አስባለሁ፤ ነገር ግን ቅርበትን እንደ መነሻ አድርጎ ነው የሚናገረው። ልጅ ርቆ ሊጀምር አይችልም። መራቅ ካስፈለገ ምክንያቱን ይዞ መምጣት ያለበት የሚርቀው ነው።

ዕዳውን ስለመክፈልም አንድ ታሪክ እናውቃለን። ኢማሙ ቡኻሪ አል-አደቡል ሙፍረድ በተባለው ኪታባቸው እንደዘገቡት፣ አንድ የየመን ሰው እናቱን በጀርባው ተሸክሞ ካዕባን ጠወፈ፤ ከዚያም ዐብደላህ ኢብኑ ዑመርን ዕዳዋን ከፍዬ ይሆን ብሎ ጠየቃቸው። መልሳቸው ከምጧ አንዷን እንኳ እንዳልከፈለ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ስለዚህ ምንም ብታደርግ አይበቃም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል ወይም ራሱን ያቃጥላል። እኔ የምረዳው በሌላ መንገድ ነው። ፈጽሞ የማይከፈል ዕዳ ከሆነ፣ አላህ እንድንከፍል አልጠየቀንም ማለት ነው። የጠየቀን ገር መሆንን፣ ዝቅ ማለትን፣ ዱዓን ነው። ሒሳብ ለመዝጋት የሚሮጥ ልጅ አንድ ቀን «ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ይላል፤ ሒሳቡ እንደማይዘጋ የገባው ግን ነገም ይመጣል።

አሁን ወደ ማይመቸው ክፍል እንግባ። ሥራውን የሚሠራው ማነው?

«በአገር ቤት እኮ ሽማግሌ በቤቱ፣ በክብሩ ነበር» እንላለን። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ነበር። ነገር ግን ክብሩን በእጇ ትሠራው የነበረችው ማን እንደነበረች አንጠይቅም። ትምህርቷን ያቋረጠች ትንሽ ልጅ ነበረች። ባሏ በሄደበት አማቷን ስታጥብ የኖረች ምራት ነበረች። ከገጠር የመጣች፣ ደሞዟ ከምግቧ ያልበለጠ ሠራተኛ ነበረች። ወንዶቹ ልጆች በዒድ ቀን ጉልበት ይስሙና ምርቃቱን ይወስዱ ነበር። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ባሕር ተሻግሯል። ከወሎና ከጅማ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ኤምሬትስ የሄዱ እህቶች የሰው አገር አረጋዊ ያነሣሉ፣ ያስተኛሉ፤ የገዛ እናታቸው መንደር ውስጥ በጎረቤት እጅ ታረጃለች፤ የሚላከው ገንዘብ ጣራውን ቆርቆሮ ያደርገዋል፣ ውሃ ግን አያቀብላትም። አሜሪካና አውሮፓ ያለነውም ከዚህ ሰንሰለት ውጭ አይደለንም።

ስለዚህ፣ ወንድሜ፣ «እናቴን ነርሲንግ ሆም አላስገባም» ስትል በእጅህ ማለትህ ነው ወይስ በሚስትህ እጅ? የፊቅህ ሊቃውንት በአጠቃላይ እንዳስቀመጡት ሚስት የባሏን ወላጆች የማገልገል ሸሪዓዊ ግዴታ የለባትም፤ ብታደርገው ምንዳ የምታገኝበት ቸርነት ነው። ግዴታው ያለው ልጁ ላይ ነው። የችግረኛ ወላጅን ቀለብ በተመለከተ ደግሞ በሐነፊ መዝሃብ በታወቀው አቋም ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይጠየቃሉ። በእኛ ማኅበረሰብ ግን ወንድ ልጅ «ውሳኔ ሰጪ»፣ ሴት ልጅ «አጣቢ» ሆና ቀርታለች። ከሩቅ ስቴት በስልክ «እማዬን የትም እንዳትወስጂያት!» ብሎ እህቱን የሚያዝ፣ አንድ ሌሊት እንኳ ተክቷት ያላደረ ወንድም በጎ ልጅ አይደለም። የበጎነቱን ወጪ በእህቱ ሒሳብ ላይ እያስመዘገበ ነው።

እርግጥ ነው፣ ወንድ ልጅ እናቱን ማጠብ ሲመጣ የሐያእና የዐውራ ጥያቄ ይነሣል። ለሕክምናና ለግድ ችግር ሸሪዓው የሚፈቅደው እንዳለ ከዓሊም መስማት ይቻላል። የሚረሳው ግን የእናትየው ስሜት ነው። ብዙ እናት በወንድ ልጇ ፊት ከመራቆት ይልቅ አንዲት የማታውቃት ሴት ሠራተኛ ብታጥባት ትመርጣለች። እንደዚያ ከሆነ ሠራተኛ መቅጠር ከግዴታ መሸሽ አይደለም፣ ክብሯን መጠበቅ ነው። ልጁ ደግሞ የሚሠራው ሌላ ሥራ ሞልቶለታል። ሐኪም ቤት ማመላለስ፣ መድኃኒት መለየት፣ ማብሰል፣ ፎርም መሙላት፣ ሌሊት መንቃት። ዳል ማማሰልና ዳይፐር መግዛት ዐውራ የለውም።

መጀመሪያ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። ገላ ማጠብ በሰው እጅ ሊሆን ይችላል፤ ማጉረስም፣ ማገላበጥም። በሌላ ሰው ሊተካ የማይችለው የሚመስለኝ ሦስት አራት ነገር ነው። የእሷን ሕይወት የሚያውቅ ሰው አጠገቧ መኖሩ፤ ስለ እሷ ሲወሰን የሷን ወገን ይዞ የሚከራከር ሰው መኖሩ፤ የምትፈልገውን ሳትናገር የሚገባው ሰው መኖሩ። እነዚህን በሰዓት ክፍያ ማግኘት አይቻልም። ቤት ውስጥ ተቀምጦም ሊጠፉ ይችላሉ፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥም፣ በየቀኑ የሚመጣ ልጅ ካለ፣ ሊኖሩ ይችላሉ። ወላሁ አዕለም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ሳይመሽ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ብዙ ሰው አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር ሁሉን የሚከፍል ይመስለዋል። ሜዲኬር ነርሲንግ ሆምን የሚሸፍነው በአብዛኛው ቢያንስ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ለወጣና የሙያ ሕክምና ለሚያስፈልገው ሰው፣ ቢበዛ ለ100 ቀን ነው፤ ከ20ኛው ቀን በኋላም ድርሻ ያስከፍላል። ለዓመታት የሚዘልቀውን ተራ የዕለት እንክብካቤ አይከፍልም። ያንን የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው፤ እሱ ደግሞ ገቢውና ንብረቱ አነስተኛ ለሆነ ሰው ነው፣ በአብዛኛው ያለፉትን አምስት ዓመታት የንብረት ዝውውርም ይመረምራል። ሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት በጥቅሉ የ10 ዓመት ሥራ ያስፈልጋል፤ በጥሬ ገንዘብ እየተከፈላቸው የሠሩ ወላጆች እዚህ ላይ ይቸገራሉ። በስፖንሰር ከአገር ቤት የመጣች አያት ካለች ደግሞ በ1996ቱ ሕግ መሠረት አብዛኛው የግሪን ካርድ ባለቤት ለሜዲኬይድ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት።

አንድ የምሥራች ግን አለ። በብዙ ስቴቶች ሜዲኬይድ አረጋዊው ቤቱ ሆኖ እንዲረዳ ይከፍላል፤ ተንከባካቢዋ የገዛ ልጁ ብትሆን እንኳ ደሞዝ የሚከፈልበት ፕሮግራም አለ። ጀርመን ከ1995 ጀምሮ ለዚሁ የተለየ የግዴታ ኢንሹራንስ አላት፤ ቤቱ በቤተሰቡ ለሚረዳ ሰው ገንዘብ ትሰጣለች። ስዊድን ኃላፊነቱን ለየአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ሰጥታለች። በእኛ ዘንድ ግን «እናትሽን በደሞዝ ትጠብቂያለሽ?» የሚል ወቀሳ አለ። ወቀሳው ፍትሐዊ አይመስለኝም። ሥራዋን አቋርጣ፣ ጡረታዋን አጥታ እናቷን የምታነሣ ልጅ የምትቀበለው ገንዘብ ቤት የምታቆምበት ሐላል ሪዝቅ ነው። ኒያዋን የሚያውቀው አላህ ነው። ሐላል የማይሆነው ሌላ ነገር ነው። ያልተሠራ ሰዓት መሙላት፣ ወይም የወላጅን ቤትና ገንዘብ ደብቆ «ምንም የለውም» ብሎ መፈረም። ይህ አማና ማጉደል ነው፤ «ለእናቴ ብዬ ነው» የሚለው ምክንያት አያጸዳውም።

አሁን ደግሞ ለእናንተ፣ እዚህ ተወልዳችሁ ወይም በሕፃንነታችሁ መጥታችሁ ላደጋችሁት፣ በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር። የመርሳት ሕመም (ዲሜንሺያ) ሲመጣ ብዙ ጊዜ ኋላ የተለመደው ቋንቋ ቀድሞ ይደበዝዛል። ሠላሳ ዓመት በእንግሊዝኛ ወይም በስዊድንኛ የሠራች እናት ወደ አማርኛዋ፣ ወደ ኦሮምኛዋ፣ ወደ ስልጥኛዋ፣ ወደ ሐረሪኛዋ ትመለሳለች። ሰውነቷ ሲታመም በልጅነቷ ቃል ነው የምትናገረው። «ወገቤን ቆረጠመኝ» ያለችውን የማይረዳ ሠራተኛ ምን እንደሚጽፍ አስቡት። ልጇም ካልገባው ያቺ ሴት በገዛ ልጇ ፊት ባዕድ ሆነች ማለት ነው። የወላጅን ቋንቋ መማር የባህል ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ከወላጅ ሐቅ የሚቆጠር ይመስለኛል። ይህን ጽሑፍ እየተንተባተባችሁም ቢሆን እዚህ ድረስ ካነበባችሁት ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል።

የምትረሳ እናት ዙህርን አምስት ጊዜ ልትሰግድ ትችላለች፤ ወይም ረመዳን ሳይሆን «ጾመኛ ነኝ» ብላ አልበላም ልትል ትችላለች። አእምሮው ከሄደ ሰው ግዴታ ይነሣል፤ አትከራከሯት። እንደ ሕፃንም አታናግሯት። ሰው ሁሉ «ሲያረጅ ሕፃን ይሆናል» ይላል፤ አላምንበትም። ሕፃን ቢጤው አያፍርም። አረጋዊ ግን ምን እንደነበረ ያውቃል፤ ሲረሳ እንኳ እፍረቱ ሳይሄድ ይቆያል። ስታጥቧት በር ዝጉ፣ ፎጣ ጣሉባት፣ ከመንካታችሁ በፊት «እማዬ፣ እጅሽን ልይዝ ነው» በሏት።

ወደ ቃል ኪዳኑ ልምጣ። «በፍጹም አላስገባሽም» ብሎ መማል ፍቅር ይመስላል፤ ግን ያልታወቀን ነገር መማል ነው። ወገቧ ቢሰበር፣ ሌሊት ሌሊት እየወጣች መንገድ ላይ ብትጠፋ፣ በቱቦ የምትመገብ ብትሆን፣ አንቺ ራስሽ ብትታመሚ ምን ይሆናል? ያን ጊዜ ቃሉ ወይ ይፈርሳል ወይ ሁለታችሁንም ይሰብራል። ቃል ኪዳን እንደሚጠየቅበት ያው ሱረቱል ኢስራእ በኋላ አንቀጾቹ ያስታውሳል። ስለዚህ የምትችሉትን ቃል ስጡ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እማዬ፣ የት እንደምትሆኚ ዛሬ መማል አልችልም። ቤት መሆን እስከተቻለ ድረስ ቤት ነሽ። አንቺን ሳልጠይቅ አልወስንም። የትም ብትሆኚ ግን ብቻሽን አልተውሽም፤ የሚነካሽን ሰው ሁሉ በስም አውቀዋለሁ።» ይህ ከመሐላው ያነሰ ይመስላል፤ ለመጠበቅ ግን ከእሱ ይከብዳል። ወሬው እዚያ እንዳይቆምም ጠይቋት። መናገር ባትችል ማን እንዲወስንላት ትፈልጋለች? የጤና ውክልናው ወረቀት ተፈርሟል? ወሲያዋስ የት ነው? ሴት ብቻ እንድታጥባት ትፈልጋለች? ማሽን ላይ ስለመቆየት ምን ታስባለች? ሐበሻ ቤት ስለ ሞት መጠየቅ እንደ ማሟረት ይቆጠራል፤ በሻይ ሰዓት «ለሁላችንም ነው የማዘጋጀው» ብላችሁ ከራሳችሁ ውክልና ብትጀምሩ ይቀላል።

የቀረው የጀመዓው ድርሻ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ የጣለ ማኅበረሰብ «የወላጅ ሐቅ» ብሎ ለመገሠጽ አፍ የለውም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በር ላይ የሚለምን ዓይነ ስውር ሽማግሌ አይሁዳዊ አግኝተው ከበይተል ማል እንዲረዳ እንዳደረጉ አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ ጽፈዋል። ልጆቹ የት አሉ ብለው አላሰናበቱትም። በ1284 እና በ1285 ካይሮ ውስጥ ሡልጣን ቀላውን ያሠራው ሆስፒታል በወቅፍ ይተዳደር ነበር፤ ሀብታምና ድኻ ሳይለይ ወንድም ሴትም ይቀበል ነበር። የእኛ መስጂዶች ለምንጣፍ፣ ለፓርኪንግ፣ ለእሑድ መድረሳ ገንዘብ ሲያሰባስቡ አይቻለሁ፤ ደግ ነው። በከተማው ነርሲንግ ሆሞች ውስጥ ስንት ሙስሊም እንደተኛ የያዘ መዝገብ ግን ያለው መስጂድ ጥቂት ነው። የአሜሪካ የ1987ቱ ሕግ ለነዋሪው ጎብኚ የመቀበልና በሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ የመሳተፍ መብት ሰጥቶታል። ቅብላውን የሚያሳየው፣ ሐላል ምግብ እንዲመጣለት አስተዳደሩን የሚያነጋግረው፣ በረመዳን ማታ ቴምር ይዞ የሚገባለት ግን ሰው ነው።

ዕውቀቱም ቢሆን እኛው ዘንድ አለ። ጁምዓ ቀን በሴቶች ክፍል ከተቀመጡት ስንቶቹ ሌሊቱን አረጋዊ ሲያነሡ አድረው የመጡ ናቸው! ጀርባ ሳይጎዳ ሰው እንዴት ከአልጋ እንደሚነሣ፣ ቁስል እንዳይወጣ በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ አልበላም ያለን ሰው ምን ብሎ ማባበል እንደሚቻል ያውቃሉ። እስከ ዛሬ ማንም መድረክ ላይ አውጥቶ አልጠየቃቸውም። የወጣቶች ኮሚቴው ለአንድ ቅዳሜ ቢጋብዛቸው ሁለት ሰዓት ይበቃል። ፕሮጀክተርም አያስፈልግም፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ዊልቸር፣ «እኔ ልተኛላችሁ» የሚል አንድ ወንድ ልጅ፣ እሱን የሚያገላብጡ ሌሎች ወንድ ልጆች ይበቃሉ።